ጠዋት ጠዋት ጥክ ጥክ የምትለው ላንድክሩዘር፦ የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ጥያቄዬና የመጡት 29 መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ኤፍጄ 40 ላንድክሩዘር ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1979 ሥሪት። ሞተሯ 2ኤፍ የሚባለው ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቤንዚን። አባቴ ለቡና ሥራ ከጅማ አዲስ አበባ ይመላለስባት ነበር። እኔም መንዳት የተማርኩት በሷ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ለእኔ ቀረች።

ችግሯ ይሄ ነው። ጠዋት ስትነሳ ከማኒፎልዱ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባውና ጭሱን የሚያወጣው የብረት ቱቦ) በኩል ጥክ ጥክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሞተሩ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳይረገጥ የምትዞርበት ፍጥነት) አይረጋም። መብራት ላይ ስቆም ትንቀጠቀጥና ልትጠፋ ትደርሳለች። የማኒፎልድ ጓርኒሲዮኑ (ማኒፎልዱና ሞተሩ መሃል ገብቶ ጭስና አየር እንዳያመልጥ የሚደፍነው ስስ ንጣፍ) በሁለት ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ ተቀይሯል። በተቀየረ ቁጥር አንድ ወር፣ ቢበዛ አንድ ወር ተኩል ጸጥ ትላለች። ከዚያ ድምፁ ይመለሳል። በ3ኛው ላይ ጋራዡ የጭሱን ማኒፎልድ ለብቻው ፈትቶ ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ብረት በማሽን የሚላጥበት) ወሰደና ፊቱን አስላጠው። ከዚያ ወዲህ ባሰባት።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። የማይቃጠል፣ ጥሩ ጓርኒሲዮን የት አገኛለሁ?

የውይይቱ ክር በጣም ስለረዘመና ብዙ ሰው ከመጨረሻው ገጽ እየተነሳ ስለሚጠይቀኝ፣ የመጡትን መልሶች በራሴ ቃል በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጫቸዋለሁ። ጥያቄዬ ራሱ ስህተት እንደነበር ያወቅኩት መሃል ላይ ነው። እዚያም እደርሳለሁ።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው በጣም ጨዋ ነበር። ለአባቴ ነፍስ ይማር ካለ በኋላ፣ ከጓርኒሲዮኑ በፊት ድምፁ የቫልቭ አለመሆኑን እንዳጣራ መከረኝ። 2ኤፍ በየጊዜው ቫልቩ ሬጅስትሮ ይፈልጋል። ሞተሩ ሞቆ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ 0.20 ሚሊሜትር፣ የጭሱ 0.35 ሚሊሜትር ክፍተት መያዝ አለበት። የቫልቭ ድምፅ ሞተሩ ስለሞቀ ብቻ አይጠፋም። የማኒፎልድ ድምፅ ግን ብረቱ ሲግልና ሲለጠጥ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ይጠፋል። አንድ ሜትር የሚሆን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ማኒፎልዱ ላይ እያዞርኩ እንዳዳምጥም ነገረኝ።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ሰፈሩ ገና ጸጥ ብሎ ሳለ ሞከርኩት። የቱቦውን ጫፍ ከፊት ወደ ኋላ ወሰድኩት። የመጨረሻው፣ ወደ ሹፌሩ ክፍል የሚጠጋው ቀዳዳ ጋ ሲደርስ ጆሮዬ ውስጥ ጭስ የሚተፋ ያህል ትፍ ትፍ አለ። ቫልቭ አይደለም።

መልስ 2። ሁለተኛው በመጀመሪያው ተስማማና አንድ ምልክት ጨመረ። ጭስ የሚያመልጥበት ቦታ ላይ ጥቁር ጥላሸት መስመር ሠርቶ ይገኛል። ኮፈኑን ከፍቼ በባትሪ ሳየው አለ። በጣቴ ጠረግኩት፤ ደረቅ ነው። ዘይት ቢሆን ይቀባ ነበር።

መልስ 3። ሦስተኛው ሰው የሞተሩን አየር የመሳብ ኃይል ስለሚለካው ቫኪዩም ጌጅ አነሳ። የሱም መኪና ሚኒሞ ላይ 12 ኢንች ብቻ እንደምታሳይና የጥገና መጽሐፉ ከ17 በላይ መሆን አለበት እንደሚል ጠቅሶ፣ የአየሩ ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ሄዷል ብሎ ደመደመ። ለኔም ያንኑ ፈረደልኝ።

መልስ 4። እዚህ ላይ ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር የሚጽፍ ሰው ገባ። እሱም ላንድክሩዘር አለው፤ ኤፍጄ 60፣ ሞተሩ ያው 2ኤፍ። ሦስተኛውን ሰው በትህትና ግን ቁርጥ አድርጎ አረመው። በመጽሐፉ ያለው ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በየ1,000 ጫማ ከፍታ፣ ማለትም በየ300 ሜትር ገደማ፣ ንባቡ በአንድ ኢንች አካባቢ ይወርዳል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ ያለ ጤነኛ ሞተር 13 ወይም 14 ቢያሳይ አይገርምም። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ እዚህ 11 ወይም 12 የሚያሳይ ጌጅ ስለ ከፍታው ነው የሚናገረው፤ ጓርኒሲዮኑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት መርፌው መርጋት አለመርጋቱ ነው።

ይሄን መልስ ያነበብኩት ሦስቴ ነው። በዚህ ከተማ ስንት ሰው በዚያ ቁጥር ምክንያት ያለ ጥፋቱ ማኒፎልድ አስፈትቶ ይሆን?

መልስ 5። ሦስተኛው ሰው አልተቀበለውም። መካኒኩ 20 ዓመት የሠራ መሆኑን ጻፈ፤ ውጭ አገር ተቀምጦ ማስተማር ቀላል እንደሆነም ጨመረበት። ከዚህ ጀምሮ የክሩ አየር ትንሽ ቀዘቀዘ።

መልስ 6። ስድስተኛው ሰው ለማስታረቅ ገባ። መኪናውን ወደ ድሬዳዋ ይዞ ሲወርድ ጌጁን አብሮ ወስዶ ያየውን ተረከ። አዲስ አበባ ላይ ከ12 ያልበለጠው መርፌ፣ ምንም ሳይነካ፣ ድሬዳዋ ላይ ወደ 16 ተጠግቶለታል። ሦስተኛው ሰው ከዚህ በኋላ ስለ ጌጅ አልጻፈም። እኔም ጌጅ ተውሼ ለካሁ። የኔ 10 ላይ ሆኖ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። የኔስ እውነትም ችግር አለው።

መልስ 7። ከቨርጂኒያ አንድ ወጣት ጓርኒሲዮን ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀ። እሱ የሚያውቀው ጋስኬት የሚለውን ብቻ ነው። ጥያቄው ከልቡ ነበር። አባቱ ጋራዥ ውስጥ ሲያወራ ግማሹ እንደማይገባው ጽፏል።

መልስ 8፣ 9 እና 10። ሦስቱም ከርዕስ ወጡ፤ ግን ደስ የሚል መውጣት ነው። ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሚኒሞ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸውን ዘረዘሩለት። አንደኛው ቴስታታን (ማኒፎልዱ የሚታሰርበትን የሞተሩን ራስ) ጨመረ። ሌላው ደግሞ ጊዛ የሚባለው ብረት የማኒፎልዱ ብረት ራሱ መሆኑን አስረዳው። ወጣቱ ዝርዝሩን አትሞ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው እንደሆነ ጻፈ። አባቱ ሲያየው የሚለውን ብሰማ ደስ ይለኛል።

መልስ 11። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው መጣና ወደ ጉዳዩ መለሰን። ለ2ኤፍ የሚመጣው የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን አንድ ወጥ ነው፤ የአየሩንም የጭሱንም ቀዳዳ አንድ ላይ ይይዛል። ገበያ ላይ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጥሩው መሃሉ ስስ ብረት፣ ላዩ ግራፋይት ነው። ሌላው እንደ ካርቶን ነው፤ ጥፍር ሲያስነኩት ይላጣል። የጭሱ ቀዳዳ ዙሪያ የብረት ጠርዝ ከሌለው በአንድ ክረምት ይነዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው ገዝቶ በኪሱ አጥፎ ይዞት ይሄዳል፤ አንዴ የታጠፈ ጓርኒሲዮን አለቀለት።

መልስ 12። ይሄኛው ስለታም ነበር። ኦሪጅናል ካርቶን ውስጥ ኮፒ ከተው የሚሸጡት እነሱው ነጋዴዎቹ መሆናቸውን ጻፈ። ሁለት ጊዜ ተሸውዷል።

መልስ 13። ነጋዴው አልሸሸም። እንደዚያ የሚያደርግ እንዳለ አመነ። ግን ገዢውም ርካሹን መርጦ ኦሪጅናል ይጠብቃል ሲል ወቀሰ። ገዢ ጓርኒሲዮኑን አሮጌው ላይ ደርቦ ቀዳዳዎቹ መግጠማቸውን ሳያይ ከሱቅ እንዳይወጣም መከረ። እኔ በዚህ ላይ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።

መልስ 14። አንድ የድሮ ሰው የሚመስል፣ መግዛቱ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባውም። እሱ የአስቤስቶስ ንጣፍ ገዝቶ፣ ማኒፎልዱ ላይ አድርጎ በመዶሻ ጀርባ ጠርዙን እየቀጠቀጠ ይቆርጠዋል። 30 ዓመት እንዲሁ ሠርቷል።

መልስ 15። ይህን የመለሰለት ሰው ቃሉን አላለሰለሰም። የአስቤስቶስ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደማይወጣ፣ በሽታው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ እንደሚመጣ፣ ካንሰርም እንደሚያመጣ፣ ይሄን ለወጣት መካኒክ መምከር ነፍስ ማጥፋት እንደሆነ ጻፈ። ቃሉ ከባድ ነው። ነገሩ ግን እውነት ነው። ከዚያ ረጋ ብሎ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። የድሮ መኪና ላይ ተጣብቆ የቀረው አሮጌ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በደረቁ መፋቅ፣ በሽቦ ብሩሽ ማሽን መቦረሽ ወይም በኮምፕረሰር መንፋት የለበትም። በውኃ አርሶ፣ በእጅ በቀስታ መፋቅ፣ ፍቅፋቂውን እርጥቡን በላስቲክ ቋጥሮ መጣል ነው ያለበት።

እኔ 3ቱንም ጊዜ መካኒኩ ሲፍቀው አጠገቡ ቆሜ ነበር። በኮምፕረሰር ሲነፋው ፊቴን ብቻ ነው ያዞርኩት። ይህን ከማንበቤ በፊት ማንም አልነገረኝም። ለዚህ ነው እዚህ በደንብ የጻፍኩት።

መልስ 16። የአየር ማምለጫ ለመፈለግ ካርቦሬተር ማጽጃ ስፕሬይ እየረጩ የሞተሩን ድምፅ መስማት እንደሚቻል አንዱ ጻፈ። በዚያው መልስ ውስጥ ግን የጓደኛው መኪና በዚሁ ምክንያት የጋለ ማኒፎልድ ላይ እሳት እንደያዘች ነገረን። ለምን እንደመከረው አልገባኝም። እኔ ያደረግኩት ሌላ ነው። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ እያለ፣ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ጫፍ አየር በቀስታ አስነፋሁና መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ ቀባሁ። የመጨረሻው ቀዳዳ ጋ አረፋው እንደ ተልባ ተንጨረጨረ።

መልስ 17። ይህን መልስ የጻፈችው ነርስ ናት። ስለ መኪና ምንም እንደማታውቅ፣ ክሩን ያየችው በባሏ ስልክ እንደሆነ ገለጸች። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። በዚህ መኪና ልጅ ይጫናል ወይ?

ከዚያ አስረዳች። ከማኒፎልድ የሚያመልጠው ጭስ ማርሚታውን ጨርሶ ከኋላ የሚወጣ አይደለም። ከሹፌሩ እግር ፊት ለፊት ነው የሚወጣው። በማርሽ ዘንጉ ጎማ፣ በፔዳሎቹ ቀዳዳ፣ በማሞቂያው ይገባል። ውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ የጭስ ሽታ አለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መድከም ይመጣል። ሰው መኪና አዞረኝ ብሎ ያልፈዋል። ከመኪናው ወርዶ አየር ሲያገኝ ደግሞ ስለሚሻለው ይረሳዋል።

ይህን ሳነብ እጄ ቆመ። ባለፈው ጥር ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ብርዱ ከባድ ስለነበር መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ነበር። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ ራሴን አለችኝ። ሰንዳፋን አልፈን ነው። እናቷ ምግብ ስላልበላች ነው ብላ ዳቦ ሰጠቻት። አልበላችም፤ ተኛች። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ወርዳ ሮጠች። እኛም ሳቅንና ረሳነው። የእንቅልፍ መሰለን።

ለነርሷ ወዲያው መለስኩላት። መኪናዋንም እስክትሠራ ድረስ ከግቢ አላወጣኋትም።

መልስ 18። ከዚህ ከባድ መልስ በኋላ አንዱ መጥቶ መኪናዋን ሸጬ እንድገላገል መከረኝ። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ግን የአባቴ መኪና መሆኗን ያነበበ አይመስለኝም።

መልስ 19፣ 20 እና 21። እዚህ ላይ ክሩ ሙሉ ለሙሉ ሌላ ቦታ ሄደ። አንዱ የቤንዚኑን ሞተር አውጥቼ ናፍጣ እንድገጥም፣ 1ኤችዜድ የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ቢሆን ደግሞ ዘላለም እንደምገላገል ጻፈ። ሌላው እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በመከልከሉ፣ ያለችውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ከመቼውም በላይ ዋጋ እንዳለው ተከራከረ። ሦስተኛው ላንድሮቨር ያለው ነው። ላንድሮቨር ቢሆን ይሄ ሁሉ እንደማይመጣ ጻፈ። ይሄን እንኳን ባይጽፍ ይሻል ነበር፤ ከ10 በላይ ሰው ከሥሩ ተረባረበበት። እነዚያን ቁጥር ውስጥ አላስገባኋቸውም።

መልስ 22። ክርክሩ መሃል አንድ አዛውንት ገቡ። ከ40 ዓመት በላይ መካኒክ ሆነው ሠርተዋል፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ሌሎቹ የተከራከሩበትን አንዱንም አልነኩም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የማኒፎልዱን ሮንዴላዎች (ከቡሎኑ ራስ ሥር የሚገቡትን ቀዳዳ ብረቶች) ፈትቼ፣ እንዳልጠርጋቸው፣ ከነጥላሸታቸው ፎቶ አንስቼ እንድልክላቸው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በ2ኤፍ ላይ የአየሩና የጭሱ ማኒፎልድ በአንድ በኩል ጎን ለጎን ናቸው። አንዱ ቡሎን ሁለቱንም ይይዛል። ቡሎኑ መሃላቸው ይገባና ወፍራም ሮንዴላው እንደ ድልድይ አንድ እግሩን የአየሩ ጆሮ (ቡሎን የሚይዘው ጠርዝ) ላይ፣ ሌላውን የጭሱ ጆሮ ላይ ያሳርፋል። ሮንዴላው እኩል ካልተቀመጠ አንዱን ብቻ ይጫናል።

ሮንዴላዎቹን ጋዜጣ ላይ ደረደርኳቸው። በአንድ በኩል ያለው ግማሻቸው ያብረቀርቃል፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ እንደሚያበራው። ሌላው ግማሽ ግን ዝገትና ጥላሸት ነው። ሁሉም እንዲያ ናቸው። የሚያብረቀርቀው የአየሩ በኩል ነው። የጭሱ በኩል ሮንዴላው ጭራሽ አልነካውም።

መልስ 23። አዛውንቱ ፎቶውን አይተው ጥያቄዬን ገለበጡት። ጓርኒሲዮኑ ጥፋት የለበትም። 10 ብገዛ 10ሩም ይቃጠላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተቃጠሉት የማኒፎልዱ ፊት በሙቀት ብዛት ስለተጣመመ ነው። ሦስተኛው ላይ ጋራዡ የጭሱን ማኒፎልድ ለብቻው ሲያስልጠው ደግሞ ሁለት ጥፋት ጨመረ። አንደኛ፣ የጭሱ ማኒፎልድ ጆሮ ከአየሩ ስለቀጠነ ሮንዴላው አየሩ ላይ ብቻ ቀረ። ሁለተኛ፣ የሁለቱ ፊት አንድ መስመር ላይ መሆኑ ቀረ።

መፍትሔውንም በቅደም ተከተል ሰጡኝ። ሁለቱን ማኒፎልድ ከካርቦሬተሩ ሥር በሚገናኙበት ቦታ፣ መሃላቸው ያለውን ትንሿን ጓርኒሲዮን አዲስ አድርጎ፣ አንድ ላይ ማሰር። ከዚያ ሳይፈቱ እንደ አንድ ዕቃ ማስላጥ። ከዚያ የአየሩን ጆሮ ጀርባ፣ ሮንዴላው የሚያርፍበትን ብቻ፣ ከጭሱ ጋር እስኪደርስ በሞረድ ማውረድ። ከመጋጠሙ በፊት ቀጥ ያለ የብረት መስመሪያ አድርጎ በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) መለካት። የሞተሩ ቴስታታ ፊትም እንዲሁ ይለካ። ስለካው የኔ ማኒፎልድ የመጨረሻው ቀዳዳ ጋ 0.7 ሚሊሜትር ብርሃን ያሳልፍ ነበር።

ትንሽ ልውጣና፣ እኚህ ሰው ይሄን ሁሉ ሲያስረዱኝ ጋራዡን አንድም ቃል አልተሳደቡም። የተሳደቡት ሌሎች ናቸው።

መልስ 24። የዴንቨሩ ሰው እዚህ ላይ ከአዛውንቱ ጋር አልተስማማም። በፋብሪካው መጽሐፍ አሠራር፣ ሁለቱን የሚያገናኙት ቡሎኖች ላላ ብለው ይገባሉ፤ መጀመሪያ ማኒፎልዶቹ ከቴስታታው ጋር ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ነው የመሃሎቹ የሚጠብቁት። አስቀድሞ ከጠበቁ ማኒፎልዱ ሲግል ይሰነጠቃል ብሎ ሰጋ።

መልስ 25። አዛውንቱ አልተቆጡም። ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን አስረዱ። ማኒፎልዶቹ አንድ ላይ ካልተላጡ የመጽሐፉ አሠራር ነው ትክክሉ፤ ላላ ብለው ገብተው ቦታቸውን ራሳቸው ያገኛሉ። አንድ ላይ ከተላጡ ግን ከተላጡ በኋላ የመሃሉን መፍታት ሥራውን ማፍረስ ነው። የዴንቨሩ ሰው ወዲያው ተቀበለ፤ አመሰገነም። በዚህ ክር ውስጥ በጣም ያከበርኳቸው ሁለት ሰዎች እነዚህ ናቸው።

መልስ 26። ከሻርጃ የሚጽፍ ልጅ ግራፋይት ያለበትን ጓርኒሲዮንና አዲስ ሮንዴላዎች እዚያው ካለው የመለዋወጫ ገበያ ገዝቶ ከሚመጣ ዘመድ ጋር ላከልኝ። ሁለት ካርቶን መሃል አድርጎ፣ ሳይታጠፍ። ዋጋውን ከፍያለሁ፤ ድካሙን ግን አልቀበልም አለኝ።

ሥራውን ቅዳሜና እሑድ ሠራሁት። ሬቲፊካ ቤቱ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስር አጠገቡ ቆምኩ። ሞረዱን ራሴ ያዝኩ። በየሁለት ሦስት ምልልስ ሮንዴላውን አስቀምጬ፣ ከሥሩ ስስ ወረቀት ከሁለቱም ወገን እየሳብኩ ሞከርኩት። ሁለቱም እኩል እስኪይዙ። የጭሱ ማኒፎልድ ውስጥ ያለችው የሙቀት መቆጣጠሪያ ቅጠል ዘንጓ ተጣብቆ ስለነበር ዘይት እየቀባሁ አላቀቅኳት። ቡሎኖቹን ከመሃል ጀምሬ ወደ ሁለቱ ዳር፣ በሦስት ዙር አጠበቅኩ። ባለ 14ቱና ባለ 17ቱ ቡሎን የየራሳቸው የጥብቀት ቁጥር አላቸው፤ የቶርክ ቁልፍ ተከራይቼ በመጽሐፉ ነው ያጠበቅኩት።

ጠዋት አስነሳኋት። ጥክ የሚል ነገር የለም። ጌጁ 12 ላይ ቆመ፤ መርፌው አይነቃነቅም።

መልስ 27። ይሄን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ አንዱ መጥቶ ለአንድ ጓርኒሲዮን ይሄ ሁሉ ወሬ እንደማያስፈልግ፣ ቀዩን ማስቲሽ ቀብቶ ማጥበቅ እንደሚበቃ ጻፈ።

መልስ 28። የመለሰችለት ነርሷ ናት፤ በአንድ መስመር። ልጅ ካለው መልስ 17ን እንዲያነብ። እኔ የምጨምረው ቴክኒኩን ብቻ ነው። ያ ማስቲሽ የጭስ ማኒፎልድን ግለት አይችልም፤ ይነዳል። የአየሩ በኩል ላይ ሆኖ ሲላጥ ደግሞ ቁራጩ ወደ ሲሊንደር ይሳባል። ያ ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 29። የመጨረሻው የአዛውንቱ ነው። አዲስ ጓርኒሲዮን ጥቂት ጊዜ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ስለሚረግጥ፣ ከሳምንት በኋላ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ እያለ ቡሎኖቹን ደግሜ በቁልፉ እንድፈትሻቸው አሳሰቡኝ። በጋለ ሞተር ላይ እንዳልነካካም አስጠነቀቁ።

ትናንት ጠዋት፣ ሳላስነሳት፣ ፈተሽኳቸው። ከሁለቱ በቀር ሁሉም እንደነበሩ ናቸው። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሩብ ዙር ወሰዱ። ከሰዓት ልጄን ከፊት አስቀምጬ እስከ ሰንዳፋ ደርሰን ተመለስን። መስኮቱን ግን ትንሽ ከፍቼው ነበር።